ለሁሉም ወንበር የነበራት መንኮራኩር
የጂን ሮደንበሪ የሕይወት ታሪክ



በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሰው ንጉሥ አይደለም፤ የጦር መሪም ሆነ የሳይንስ ተመራማሪ አይደለም። ጂን ሮደንበሪ የሚባል አሜሪካዊ የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊ ነው። ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1966 ያስጀመረው ስታር ትሬክ የተባለው ድራማ ግን ከእሱ በኋላም አልቆመም። በዚሁ ስም ሌሎች በርካታ ተከታታይ ድራማዎች የተሠሩ ሲሆን፣ እስከ 2016 ድረስ ብቻ 13 የሲኒማ ፊልሞች ወጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስታር ትሬክ ማለት የከዋክብት ጉዞ እንደማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ገና ባልደረስንበት በ23ኛው ምዕተ ዓመት ነው። ኢንተርፕራይዝ የተባለች የጠፈር መንኮራኩር 430 ያህል ሰዎችን ይዛ፣ ያልታወቁ ዓለማትን ለመመርመር የአምስት ዓመት ጉዞ ትወጣለች። አዛዧ ካፒቴን ከርክ ይባላል። ምክትሉ ስፖክ ደግሞ እናቱ የምድር ሰው፣ አባቱ ግን ቩልካን ከተባለ ሌላ ዓለም የመጣ፣ ጆሮው ሹል የሆነ ፍጡር ነው።

ድራማውን አይታችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ግድ የለም። የምንነግራችሁ ስለ መንኮራኩሯ ብቻ አይደለም። በወንበሮቿ ላይ እነማን እንደተቀመጡና ይህም በዚያ ዘመን ለምን ትልቅ ነገር እንደነበረ ጭምር ነው።

ልጅነቱ

ሙሉ ስሙ ዩጂን ዌስሊ ሮደንበሪ ነው። ኦገስት 19 ቀን 1921 ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ምክንያቱም አባቱ በዚያ ከተማ የፖሊስነት ሥራ በማግኘቱ ነበር።

ልጁ ማንበብ ይወድ ነበር። በተለይ ስለ ሩቅ ዓለማትና ስለ ጠፈር ጉዞ የሚያወሩ፣ በርካሽ ወረቀት የታተሙ የልብ ወለድ መጽሔቶች እጁ ላይ አይጠፉም ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ ብዙ ሰው እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። ኮሌጅ ሲገባም የመረጠው ሥነ ጽሑፍን ሳይሆን እንደ አባቱ የፖሊስ ሙያን ነው። በዚያው ጊዜ አውሮፕላን ማብረር ተማረ። የጃፓን ጦር በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን በመታ በቀናት ውስጥም አሜሪካን አየር ኃይል ገባ።

ከሁለት የአውሮፕላን አደጋ የተረፈ ሰው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሮደንበሪ በሰላማዊ ውቅያኖስ ግንባር የቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበር። 89 ጊዜ ለግዳጅ በርሯል። በአገልግሎቱም ሜዳይ ተሸልሟል። ነገር ግን ኦገስት 2 ቀን 1943 ከአንድ ደሴት ሲነሣ የነበረው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልፎ ከዛፎች ጋር ተጋጨና በእሳት ተያያዘ። አብረውት ከነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ። የተደረገው ምርመራ ጥፋቱ የአብራሪው አለመሆኑን አረጋገጠ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ፓን አሜሪካን በተባለው አየር መንገድ ተቀጠረ። በጁን 1947 ከካራቺ ወደ ኢስታንቡል በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ነበር። በዚያ ሌሊት አብራሪው እሱ አልነበረም፤ ከመንገደኞቹ ጋር ነበር። አንዱ ሞተር ተበላሸ፤ ቀጥሎም እሳት ተነሣ። አውሮፕላኑም በሶርያ በረሃ፣ ከኤፍራጥስ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ። ከ36ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 15ቱ ሞቱ። ሮደንበሪ ሁለት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረው እያለ፣ የቆሰሉትን ከሚነደው አውሮፕላን ውስጥ እየጎተተ አወጣ። የተረፉትም በማግሥቱ እርዳታ ደርሶላቸው ደይር ኤዝ ዞር ወደምትባል ከተማ ተወሰዱ።

በ1948 የአየር መንገዱን ሥራ ተወ። የ26 ዓመት ወጣት፣ ባለትዳርና የልጅ አባት ነበር።

ቀን ፖሊስ፣ ማታ ጸሐፊ

ቴሌቪዥን በዚያ ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ሮደንበሪ ለቴሌቪዥን መጻፍ ፈልጎ ወደ ሎስ አንጀለስ ቢመለስም ሥራው ወዲያው አልተገኘም። ቤተሰቡን ማስተዳደር ነበረበትና በ1949 እንደ አባቱ የከተማዋ ፖሊስ ሆነ። በኋላም ለፖሊስ አዛዡ ንግግሮችን ይጽፍ ጀመር። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ድራማ ይጽፋል። ፖሊስ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን ሮበርት ዌስሊ በሚል የብዕር ስም ነበር የሚሸጠው። በጽሑፍ ብቻ ለመኖር የሚበቃ ገቢ ማግኘት ሲጀምር፣ በ1956 የፖሊስነቱን ሥራ ለቀቀ።

ለከብት ጠባቂዎችና ለፖሊስ ድራማዎች ብዙ ጻፈ። በ1963 ደግሞ ሌፍተናንት የተባለውን የራሱን ተከታታይ ድራማ አቀረበ። ስለ አንድ ወጣት የባሕር ወለድ ጦር መኮንን የሚያወራ ነበር። ከክፍሎቹ አንዱ በሠራዊቱ ውስጥ በጥቁርና በነጭ ወታደሮች መካከል ስላለው ጥላቻ የሚናገር ሆነ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ይህን ክፍል አላስተላልፍም አለ። ድራማውም ከአንድ ዓመት በላይ አልቀጠለም።

ውድ ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአማርኛ ቅኔ ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር እንዳለ በክፍል ተምራችኋል። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ግን ውስጥ የተቀበረው ነው። ሮደንበሪ ሰምና ወርቅን አያውቅም። ያደረገው ግን ያንኑ ነው። ስለ ዘር ጥላቻና ስለ ጦርነት በቀጥታ መናገር ከተከለከለ፣ ነገሩን በሩቅ ኮከብ ላይ ባሉ ፍጥረታት አስመስሎ መናገር እንደሚቻል አሰበ። ሰሙ ጠፈርና መንኮራኩር፤ ወርቁ የዛሬው ሰው ሆነ።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። በጃንዋሪ 1969 በተላለፈው አንድ ክፍል፣ ከአንድ ዓለም የመጡ ሁለት ሰዎች መንኮራኩሯ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ግማሽ ፊታቸው ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። የምድር ሰዎች አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግራቸዋል። እነሱ ግን አምርረው ይጠላላሉ። ለምን ቢባል፣ የአንዱ ጥቁር ጎን በቀኝ፣ የሌላው በግራ ስለሆነ ነው። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ሲደርሱ ሕዝባቸው እርስ በርሱ ተላልቆ ማንም እንዳልቀረ ይረዳሉ። እነሱ ግን በባዶዋ ምድር ላይ መሳደዳቸውን አልተዉም። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ ወላጆቻችሁ የሚጨምሩት አይጠፋቸውም።

መጀመሪያ ላይ የተጣለው ሥራ

ሮደንበሪ የስታር ትሬክን ሐሳብ በወረቀት ያሰፈረው በ1964 ነው። ሐሳቡን የተቀበለው ዴሲሉ የተባለው፣ የታዋቂዋ ተዋናይት የሉሲል ቦል ስቱዲዮ ነበር። የመጀመሪያው የሙከራ ክፍል ተሠርቶ ለኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ቀረበ። ጣቢያውም ሐሳብ የሚበዛበት፣ እንቅስቃሴ የሚያንሰው ነው በማለት አልተቀበለውም። ሌላም ቅሬታ ነበር። የመንኮራኩሯ ምክትል አዛዥ ሴት ነበረች፤ ሹል ጆሮ ያለው ስፖክም ተመልካች ያስደነግጣል ተባለ።

ብዙ ጊዜ የሙከራ ክፍል ከተጣለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ጣቢያው ግን ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ሁለተኛ ሙከራ አዘዘ። ሮደንበሪ የፈለገውን ሁሉ ማዳን አልቻለም። ሴቲቱን አጥቶ ስፖክን አተረፈ። ጣቢያው ግን በስፖክም ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም ነበርና፣ ለማስታወቂያ ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የጆሮውን ሹል ጫፍ ከፎቶግራፉ አጠፋው። በኋላ ከሁሉም ይበልጥ የተወደደው ይኸው ስፖክ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ምክትል አዛዧን የተጫወተችው ማጄል ባሬትም በነርስነት ተመልሳ መጥታለች። በ1969 ከሮደንበሪ ጋር ተጋብተዋል።

ድራማው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 መተላለፍ ጀመረ።

በወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት

በ1966 በአሜሪካ ጥቁሮች በደቡብ ግዛቶች ያለ እንቅፋት የመምረጥ መብታቸውን በሕግ ካረጋገጡ ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነበር። በቴሌቪዥን ላይ ጥቁር ሴት ስትታይ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ሆና ነው። በኢንተርፕራይዝ መንኮራኩር ላይ ግን ሌፍተናንት ኡሁራ የተባለች ጥቁር መኮንን የግንኙነት ክፍሉን ትመራለች። የመጣችውም ከአፍሪካ ነው። በአካባቢያችን ስዋሂሊ ሲነገር የምትሰሙ ልጆች ስሙን ወዲያው ታውቁታላችሁ። ኡሁሩ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የኪሊማንጃሮ ተራራ ጫፍም ኡሁሩ ይባላል። የስሟ ምንጭ ይኸው ቃል ነው። ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ ለፈተና ስትመጣ ኡሁሩ የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ ይዛ ነበር።

ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ትታ ወደ መድረክ ቲያትር ለመሄድ ወስና ነበር። በዚያው ሰሞን ግን በአንድ ዝግጅት ላይ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ተገናኘች። ኪንግ ቤተሰቡ ድራማውን እንደሚከታተል ነገራት፤ ቦታዋንም እንዳትለቅ አጥብቆ ለመናት። እሷም ቀረች።

የመንኮራኩሯ መሪ ጨባጭ ሱሉ ይባላል። ሮደንበሪ የአንድን የእስያ አገር ስም ላለመምረጥ ብሎ ከሱሉ ባሕር ወሰደው። ተዋናዩ ጆርጅ ታኬይ የጃፓን ዝርያ ያለው፣ በሎስ አንጀለስ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። የዚህን ሰው ልጅነት እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። በ1942 የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ወታደሮች መጥተው ቤተሰቡን ከቤታቸው አስወጡ። አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስለምትዋጋ ብቻ ከ110,000 በላይ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ያለ አንዳች ክስና ፍርድ ወደ ካምፕ ተጋዙ። የታኬይ ቤተሰብ መጀመሪያ የተቀመጠው በፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ፣ በፈረስ ጋጥ ውስጥ ነበር። ከዚያ በአርካንሶ ግዛት ወዳለው ሮወር ካምፕ፣ ቀጥሎም በካሊፎርኒያ ወዳለው ቱሊ ሌክ ካምፕ ተወሰደ። ታኬይ ትምህርት የጀመረው በካምፕ ትምህርት ቤት ነው። በየጠዋቱ ለአገሪቱ ባንዲራ ቃል ሲገባ፣ በመስኮቱ የሽቦ አጥሩና የጠባቂዎቹ ማማ ይታየው ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ሲወጡ ቤታቸውም ሆነ የአባቱ ሥራ አልነበረም። እንግዲህ ይህ ልጅ ነው አድጎ በቴሌቪዥን የመንኮራኩር መሪ የጨበጠው።

በሁለተኛው ዓመት ቼኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ወጣት ተጨመረ። ይህ በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአቶሚክ ቦምብ በሚፈራሩበት ጊዜ የሆነ ነው። የስፖክ ተዋናይ ሊዮናርድ ኒሞይ ደግሞ ከዩክሬን የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጅ ነው። አባቱ በቦስተን ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቩልካኖች ሰላምታ ሲሰጡ እጃቸውን አንሥተው ጣቶቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው ይከፍላሉ። ይህን ምልክት የፈጠረው ኒሞይ ነው። በልጅነቱ በምኩራብ ካህናቱ ሕዝቡን ሲባርኩ ያየውን አስታውሶ ነው ያመጣው።

መሐንዲሱ ስኮትን የተጫወተው ካናዳዊው ጄምስ ዱሃን ነበር። በ1944 በኖርማንዲ ጦርነት ቆስሎ ከቀኝ እጁ አንድ ጣት አጥቷል። በፊልሙ ላይ ይህን እጁን ብዙ ጊዜ ይሸሽገዋል።

ይህን ያውቁ ኖሯል?

ስታር ትሬክ ሀብት የፈሰሰበት የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙው ነገር የተሠራው ገንዘብ በማጣት በተገኘ ብልሃት ነው።

1. የመንኮራኩሯ ሰዎች በብርሃን ጨረር ተበትነው በሌላ ዓለም ላይ ይገጣጠማሉ። ይህ የተፈለሰፈው መንኮራኩር በየሳምንቱ ሲያርፍ ለማሳየት ገንዘብ ስላልነበረ ነው። የሚያብረቀርቀው ጨረርም በብርሃን ፊት ቁልቁል የሚነሰነስ የአሉሚኒየም ዱቄት ነበር።

2. ሐኪሙ ዶክተር ማኮይ ከሚጠቀምባቸው የሕክምና መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የጨው መነስነሻዎች ናቸው። የተገዙት ለአንድ የገበታ ትዕይንት ነበር። ቅርጻቸው እንግዳ ስለሆነ ተመልካቹ የጨው ዕቃ መሆናቸውን አይለይም ተብሎ ወደ ሕክምናው ክፍል ተዛወሩ።

3. ሰው ሲቀርብ በራሳቸው የሚከፈቱት በሮች የሚከፈቱት በኤሌክትሪክ አልነበረም። ከግድግዳው ጀርባ የቆሙ ሠራተኞች ነበሩ የሚጎትቷቸው። ሠራተኛው ሲዘገይ ተዋናዩ ከበሩ ጋር ይጋጭ ነበር።

መዘጋቱና መመለሱ

ድራማው ብዙ ተመልካች አልነበረውም። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ወዳጆቹ ተደራጅተው ለጣቢያው በብዛት ደብዳቤ ጻፉ። ጣቢያውም ለአንድ ዓመት አራዘመው። ነገር ግን በጀቱን ቀነሰ፤ ሰዓቱንም ወጣቶች ከቤት በሚወጡበት በዓርብ ምሽት አደረገው። በ1969፣ ከ79 ክፍሎች በኋላ ተዘጋ።

ከተዘጋ በኋላ ግን በየከተማው ጣቢያዎች በድጋሚ ሲታይ፣ መጀመሪያ ያላየው ሕዝብ ሁሉ ወደደው። በ1972 ወዳጆቹ በኒው ዮርክ ትልቅ ስብሰባ አደረጉ። በ1976 የአሜሪካ ጠፈር ድርጅት ናሳ ለሙከራ የሠራት የመጀመሪያዋ የጠፈር አመላላሽ መንኮራኩር፣ በሕዝብ ደብዳቤ ጥያቄ ኢንተርፕራይዝ ተብላ ተሰየመች። በ1979 የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም ወጣ። በ1987 ደግሞ ሮደንበሪ በአዲስ ተዋንያን አዲስ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ይህ ድራማ ሰባት ዓመት ቀጥሏል።

እንከኑንም እንናገር

የሰው ታሪክ ሲጻፍ መልካሙን ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም። ሮደንበሪ የሌሎችን ድካም የራሱ ብቻ አድርጎ በማቅረብ ይወቀሳል። የመንኮራኩሯን ቅርጽ የነደፈው ማት ጄፍሪስ ነው። ከምርጦቹ ክፍሎች ብዙዎቹን የጻፉትና ያረሙት ጂን ኩንና ዶሮቲ ፎንታና ናቸው። የድራማውን መግቢያ ሙዚቃ የደረሰው ደግሞ አሌክሳንደር ከሬጅ ነው። ሮደንበሪ ለዚህ ሙዚቃ በድራማው ውስጥ ጨርሶ ያልተዘፈነ ግጥም ጻፈለት። በግጥሙ ምክንያትም ከሙዚቃው ከሚገኘው ክፍያ ግማሹን ወሰደ። ስለ እኩልነት የጻፈ ሰው የባልንጀራውን ድርሻ ሲነካ ማየት ደስ አይልም። ቢሆንም የሆነ ነገር ነው።

ሞቱና ከሞቱ በኋላ

ጂን ሮደንበሪ ኦክቶበር 24 ቀን 1991 በ70 ዓመቱ በካሊፎርኒያ አረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ ከአመዱ ጥቂቱ በ1992 ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጠፈር ደርሶ ተመለሰ። በ1997ም ጥቂቱ በሮኬት ምድርን እንዲዞር ተላከ። ሕይወቱን ሙሉ ስለ ጠፈር የጻፈ ሰው ወደዚያ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በሕይወት ሳሉ የደረሱም አሉ። ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከ1977 ጀምሮ ሴቶችና ጥቁሮች ለጠፈርተኛነት እንዲያመለክቱ ለናሳ እየተዘዋወረች ቀስቅሳለች። እሷ ራሷ በ2022 አርፋለች። በልጅነቷ ኡሁራን በቴሌቪዥን ታይ የነበረችው ዶክተር ሜይ ጀሚሰን ደግሞ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። በሚቀጥለው ዓመትም በስታር ትሬክ አንድ ክፍል ላይ ተጫውታለች። ይህች ሐኪም ገና የሕክምና ተማሪ ሳለች በታይላንድ፣ በካምቦዲያ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ አገልግላለች። እንደ እኛ ባለ ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ የሠራች ሴት ምድርን ከላይ አይታታለች ማለት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሮደንበሪ ሊናገር የፈለገውን በዘመኑ ሰዎች ሳይሆን በሩቅ ዓለም ፍጥረታት የተናገረው ለምንድነው? ሰምና ወርቁን ለዩ።

2. የመንኮራኩሯ ምክትል አዛዥ የነበረችው ሴት እንድትቀር ባይደረግ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? ከወንድም ከእህቶቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

3. መንኮራኩሯ ነገ ከዚህ ካምፕ ብትነሣ እናንተ በየትኛው ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ? ለዚያ ወንበርስ ምን መማር ያስፈልጋል? በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለአማርኛ መምህራችሁ አስረክቡ። ወላጆችም መጻፍ የማይችሉ ትንንሽ ልጆቻችሁን እየጠየቃችሁ ጻፉላቸው።